ለክፉ ቀን ከውሃው ጀምሩ

ለድንገተኛ ጊዜ ስንቅ ስትይዙ ቅድሚያ ለውሃ ስጡ። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ፣ ቢያንስ ለ3 ቀን የሚበቃ ያዙ። የወተት ወይም የጁስ ዕቃ ግን አትጠቀሙ። የቱንም ያህል ቢታጠብ የስኳርና የፕሮቲን ቅሪት አይጠፋም፤ ባክቴሪያ ይራባበታል። ለምግብ የተሠራ ንጹሕ ጀሪካን ይሻላል። ክዳኑን ግጥም አድርጋችሁ ፀሐይ የማያገኘው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሩት። ቤንዚንና ፀረ ተባይ አጠገቡ አይድረስ፤ ሽታቸው ፕላስቲኩን አልፎ ይገባል። የሞላችሁበትን ቀን ጻፉበትና በየ6 ወሩ ቀይሩት። አሮጌውን አትድፉት፣ ልብስ ይታጠብበታል። ምግቡ ላይ ብዙ አትጨነቁ፦ ቤተሰቡ የሚወደውን፣ ሳይበስል የሚበላውን ምረጡ። ጨው የበዛበት ይቅር፣ ያስጠማል። የቆርቆሮ ምግብ ካለ መክፈቻውንም አብራችሁ አስቀምጡ፤ እሱን የሚረሳው ብዙ ነው።