ፍጥሞ ደሴት ላይ የማይረሳ ቫኬሽን እንዴት ማሳለፍ ይቻላል

የግሪክ ደሴት ሲባል ሁሉም ሰው ቶሎ የሚጠራው ሳንቶሪኒንና ሚኮኖስን ነው። ቆንጆነታቸውን ማንም አይክድም፣ ግን በጋ ላይ ክሩዝ መርከብ ያራገፈው ህዝብ መንገዱን ሞልቶት አንድ ፎቶ ለማንሳት ወረፋ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ለኛ ሰው እኔ ከሁሉም በፊት የምመክረው ፍጥሞን ነው። አዎ ያቺው ራእይ 1፥9 ላይ ያለችው፣ ዮሐንስ የተሰደደባት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ስሟን እየሰማን ያደግንባት ደሴት። ግሪኮቹ ፓትሞስ ይሏታል፣ ኤጅያን ባህር ላይ ወደ ቱርክ ጠጋ ብላ ነው ያለችው፣ ስፋቷ 34 ስኩዌር ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ሰው ይኖርባታል፣ ባህር ይዋኝባታል፣ ምግቡ ይጣፍጣል፣ እና ብዙ አበሻ እዛ መሄድ እንደሚቻል ራሱ አያስበውም።

አንድ ነገር ከመጀመሬ በፊት፦ በ6 ቀን 3 ደሴት የሚል ፕላን ካላችሁ ሰርዙት። ግማሹ ጊዜያችሁ ወደብ ላይ ሻንጣ ይዞ በመቀመጥ ነው የሚያልቀው። ቢያንስ 4 ወይ 5 ሌሊት ፍጥሞ ላይ እደሩ።

ደረጃ 1፦ መቼ እንደምትሄዱ ወስኑ

ሶስት ምርጫ አለ፣ ሶስቱም የተለያየ ጉዞ ነው።

አንደኛው ሰሙነ ሕማማትና ፋሲካ ነው። የግሪክ ኦርቶዶክስ ፋሲካ ከኛ ትንሳኤ ጋር በአንድ ቀን ነው የሚውለው (በ2026 ኤፕሪል 12፣ በ2027 ሜይ 2)፣ ስለዚህ በዓላችሁን እዛው ታከብራላችሁ። በጸሎተ ሐሙስ ቀን ሖራ በምትባለው የላይኛዋ መንደር አደባባይ ላይ የገዳሙ አበምኔት የ12 መነኮሳትን እግር ያጥባል፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ያያል፣ ሕጽበተ እግር ሲደረግ እያየ ላደገ ሰው ይሄን ፍጥሞ ላይ ቆሞ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። አርብ ማታ በአበባ ያጌጠው የክርስቶስ መቃብር ምሳሌ በየመንገዱ ይዞራል፣ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ ሻማ ከሻማ እየተለኮሰ «ክሪስቶስ አኔስቲ» ይባላል፣ እናንተ ደሞ «አሊቶስ አኔስቲ» ብላችሁ ትመልሳላችሁ፣ ከዛ ቀይ የተቀባ እንቁላል ማጋጨት አለ፣ እሁድ ደሞ በግ። ችግሩ ባህሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ለመዋኘት የምትሄዱ ከሆነ ይሄ ጊዜ አይሆናችሁም።

ሁለተኛው ጁላይና ኦገስት። ሙቀት ነው፣ ሰው ይበዛል፣ ክፍል ይወደዳል፣ ሜልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስም የሚበረታው ያኔ ነው። የነሱ የእመቤታችን ጾም ከኦገስት 1 ጀምሮ 15 ላይ በበዓሉ ያበቃል፣ የኛ ፍልሰታ ደሞ ኦገስት 7 ገብቶ 22 ድረስ ነው፣ ስለዚህ እነሱ ፈትተው እናንተ እየጾማችሁ የምትቆዩበት አንድ ሳምንት አለ፣ ይሄን አስቡበት።

ሶስተኛው ሴፕቴምበር፣ የኔ ምርጫ። ባህሩ በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ከርሞ በጣም ደስ ይላል፣ ሰው ይቀንሳል፣ ነፋሱም ጋብ ይላል። ሴፕቴምበር 26 ደሞ የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ስለሆነ ደሴቷ የራሷን ባለቤት የምታከብርበት ቀን ነው፣ ገዳሙ ከዋዜማው ጀምሮ ይሞላል። አብዛኛውን ዓመት ይሄ ቀን ከደመራ ጋር ይገጥማል፣ ስለዚህ ደመራን ከቤተሰብ ጋር ካላሳለፍኩ የምትሉ በወሩ መጀመሪያ ሂዱና ተመለሱ።

ደረጃ 2፦ ቪዛ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ነው፣ የመጨረሻው ደሞ 15 ቀን ሲቀር፣ ግን እስከዛ አትጠብቁ፣ ለበጋ ቀጠሮ ራሱ ቶሎ ያልቃል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች 45 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ዱባይ፣ ሪያድ ወይ ዶሃ የምትኖሩ መኖሪያ ፈቃዳችሁ ባለበት አገር ነው የምታመለክቱት። የጀርመን፣ የስዊድን፣ የጣሊያን ወይ የሌላ ሸንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ግን ሌላ ቪዛ አትፈልጉም፣ የአሜሪካና የእስራኤል ፓስፖርት የያዘም እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል።

ደረጃ 3፦ መንገዱን ያዙ

ፍጥሞ ኤርፖርት የላትም። ሰላሟን የጠበቀላት አንዱ ነገር ይሄ ይመስለኛል። ዋናው መንገድ እስከ አቴንስ በፕሌን፣ ከኤርፖርቱ ቀጥታ ሰማያዊውን ሜትሮ ይዞ ፒሬየስ ወደብ፣ ከዛ ትልቁን ፌሪ ነው። ፌሪው ከ7 እስከ 9 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ሌላው አማራጭ ወደ ኮስ ወይ ሳሞስ በርሮ ከዛ በፈጣን ጀልባ መሻገር ነው፣ ይሄ ለባህር ህመም ለሚቸገር ሰው ያሳጥርለታል ግን ጀልባው በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል ፕሮግራሙን አይታችሁ ነው በረራ የምትቆርጡት።

ፒሬየስ በጣም ትልቅ ወደብ ነው፣ ቲኬታችሁ ላይ የጌቱን ቁጥር እዩ፣ ከሜትሮው ራቅ ካለ ወደቡ ውስጥ የሚዞር ነፃ አውቶቡስ አለ። ከፒሬየስ የሚነሳው ፌሪ ብዙ ጊዜ ፍጥሞ የሚደርሰው ማታ አምሽቶ ወይ ሌሊት ስለሆነ ለምታድሩበት ቤት ሰዓቱን ቀድማችሁ ንገሩ፣ የፔንሲዮን ባለቤቶች ወደቡ ድረስ መጥተው የሚቀበሉበት ጊዜ ብዙ ነው። መርከቡ ላይ ጃኬት ያዙ፣ ውጪው ነፋስ ነው ውስጡ ደሞ ኤሲው ያንቀጠቅጣል።

ማደሪያ ስትመርጡ ስካላ (ወደቡ ያለበት መንደር) ይሻላል፣ አውቶቡሱም ጀልባውም ሱቁም እዛ ነው።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያውን ጠዋት ለዋሻው ስጡት፣ በእግር

ዮሐንስ ራእዩን አየበት የሚባለው ዋሻ ከስካላ ወደ ሖራ በሚወጣው መንገድ መሀል ላይ ነው። አውቶቡስና ታክሲ አለ፣ ግን የምትችሉ ከሆነ በድሮው የድንጋይ መንገድ በእግር ውጡ፣ በዛፍ መሀል ነው የሚያልፈው፣ ወደኋላ ዞር ባላችሁ ቁጥር ወደቡ እያነሰ ባህሩ እየሰፋ ይሄዳል። በማለዳ ውጡ፣ ምክንያቱም ክሩዝ መርከብ በመጣ ቀን ከረፋድ በኋላ ዋሻው ውስጥ መቆሚያ የለም፣ ቦታው ደሞ ትንሽ ነው።

ውስጡ ስትገቡ ጣሪያው ላይ በሶስት የተሰነጠቀ አለት አለ፣ ድምፁ የመጣው በዛ በኩል ነው፣ ሶስት መሆኑም የሥላሴ ምልክት ነው ይላሉ። ዮሐንስ ራሱን ያሳረፈበት ቦታና ሲነሳ እጁን ይደግፍበት የነበረው ጎድጓዳ ድንጋይም በብር ተከበው ይታያሉ። በትውፊቱ እሱ ሲናገር ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ ነው የጻፈው። ወደዚህ የተጋዘው በሮሙ ንጉሥ በዶሚጥያኖስ ጊዜ ነው፣ 95 ዓ.ም. አካባቢ። ፎቶ አይፈቀድም፣ እና እውነቱን ለመናገር ባይፈቀድ ጥሩ ነው፣ ስልካችሁን ዝጉና ቁጭ በሉ፣ ከቻላችሁ ራእይን ከመጀመሪያው እዛው አንብቡት።

ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። ነጠላ ያዙ። ሴቶች እህቶቼ በተለይ፣ ነጠላችሁ እዛ ከምንም ልብስ በላይ ይጠቅማችኋል፣ ከፀሐይም ይከልላል፣ ስትገቡም ትከናነቡታላችሁ።

አንድ መታወቅ ያለበት ነገር፣ ቅዳሴ ላይ መቆም፣ ሻማ ማብራት፣ መሳለም ይቻላል፣ በፍቅር ነው የሚቀበሏችሁ፣ ግን የኛ ቤተክርስቲያንና የነሱ ከኬልቄዶን ጉባኤ (451) ጀምሮ በቁርባን አንድ ስላልሆኑ ለመቁረብ አትሰለፉ።

ደረጃ 5፦ ወደ ገዳሙ ቀጥሉ

ከዋሻው ወደ ላይ ስትቀጥሉ ሖራ ናት፣ ነጫጭ ቤቶች ተጠጋግተው፣ መሀላቸው ላይ ደሞ ምሽግ የሚመስል ትልቅ ግራጫ ግንብ። ያ የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ነው። በ1088 አባ ክሪስቶዱሎስ የሚባሉ መነኩሴ ከቢዛንታይኑ ንጉሥ ከቀዳማዊ አሌክሲዮስ ኮምኔኖስ ደሴቷን በሙሉ በስጦታ ተቀብለው ነው የመሰረቱት፣ ግንቡም እንደዛ የሆነው የባህር ሽፍታ ስለሚያስቸግር ነው። ዋሻው፣ ገዳሙና ሖራ በ1999 የዩኔስኮ ቅርስ ሆነዋል።

ሙዚየሙን እንዳታልፉት አደራ። በወይን ጠጅ ቀለም በተነከረ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈ የማርቆስ ወንጌል አላቸው፣ 6ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ንጉሡ ደሴቷን የሰጠበት ደብዳቤም አለ። የአገራችንን የብራና መጻሕፍት የሚያውቅ ሰው እዛ ቶሎ አይወጣም። ከገዳሙ ስትወጡ የሖራን ጠባብ መንገዶች ያለ ማፕ ዙሩ፣ መጥፋት አይቻልም፣ ሁሉም ወይ ወደ ግንቡ ወይ ወደ ባህሩ ነው የሚያወጣው። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ከመንደሩ ዳር ያሉት ሶስቱ የነፋስ ወፍጮዎች ጋ ሁኑ፣ አየሩ ጥርት ካለ ዙሪያውን ያሉት ደሴቶች ይታያሉ።

ደረጃ 6፦ ባህሩ

እዚህ ጋ እንደየሰዉ ነው። ዋና የማትችሉ ወይ ልጅ የያዛችሁ ካምቦስ ወይ አግሪዮሊቫዲ ሂዱ፣ ውሃው ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። ሙሉ ቀን ያላችሁ ፕሲሊ አሞስ፣ አሸዋው ደቃቅ፣ ጥላ የሚሆን ዛፍ ያለው፣ ከስካላ በጀልባ ነው የሚኬደው ወይ መኪና መንገዱ ካለቀበት በእግር። ሰሜን ጫፍ ላይ ላምቢ አለ፣ ቀይ አረንጓዴ ነጭ ቀለም ያለው ጠጠር፣ ውሃ ሲነካው የሚያበራ። ጠጠሩን ኪስ ውስጥ እንዳትከቱ፣ ከባህር ዳርቻ መውሰድ ክልክል ነው። ፔትራ ጋ ደሞ ካሊካትሱ የሚባል ትልቅ አለት አለ፣ ተፈልፍሎ የድሮ ባህታውያን ይኖሩበት ነበር ይባላል።

የውሃ ጫማ ግዙ። ድንጋይ ላይ የሚጣበቁ ጥቁር እሾሃም የባህር እንስሳት አሉ፣ ከረገጣችሁ ቀኑ ተበላሸ።

ደረጃ 7፦ መብላት፣ በተለይ ለጿሚ

ይሄን ማንም ቱሪስት ጋይድ አይነግራችሁም። ግሪክ አገር የጾም ምግብ «ኒስቲሲሞ» ይባላል፣ ታቨርና ገብታችሁ «ኒስቲሲሞ ኤሄቴ?» ስትሉ ፊታቸው ይበራል፣ ቱሪስት እንደዛ ብሎ አይጠይቅማ። ፋቫ ይሰጧችኋል፣ ቢጫ ክክ ተፈጭቶ በወይራ ዘይትና በቀይ ሽንኩርት፣ የሽሮ ዘመድ በሉት፣ ጊጋንዴስ የሚባል ትልልቅ ባቄላ በቲማቲም፣ በሩዝ የተሞላ የወይን ቅጠል፣ ሆርታ ማለት የተቀቀለ ጎመን መሳይ የዱር ቅጠል በሎሚ። ግን ልብ በሉ፣ በነሱ ሥርዓት ደም የሌላቸው የባህር እንስሳት ማለትም ሽሪምፕ፣ ስኩዊድ፣ ኦክቶፐስ በጾም ይበላሉ፣ ስለዚህ ኒስቲሲሞ ስላላችሁ ብቻ ሳህኑ ላይ ኦክቶፐስ ሊመጣ ይችላል፣ ቀድማችሁ «ሆሪስ ታላሲና» (ያለ ባህር ምግብ) በሉ። የሚፈስክ ደሞ የፍጥሞን የአይብ ፓይ ከዳቦ ቤት በጠዋት ትኩሱን ይግዛ።

እራት በነሱ ማታ 3 ሰዓት ነው፣ ቀድማችሁ ከሄዳችሁ ብቻችሁን ናችሁ። ቡና ስታዙ ስኳሩን አብራችሁ ተናገሩ፦ ስኬቶ ያለ ስኳር፣ ሜትሪዮ መካከለኛ፣ ግሊኮ ጣፋጭ፣ አተላው ሲኒው ስር ይቀራል እሱን አትጠጡት። የሚጠጣ ውሃ በላስቲክ ግዙ፣ የሽንት ቤት ወረቀትም ውስጥ አይጣልም፣ ከጎኑ ያለው ቅርጫት ውስጥ ነው፣ ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ይዘጋል።

ደረጃ 8፦ አንድ ቀን ለሊፕሲ

ከስካላ ጠዋት ጀልባ ይዛችሁ ማታ መመለስ ይቻላል። ሊፕሲ ከፍጥሞም ያነሰች ናት፣ እዛ ያለችው የእመቤታችን ስዕል ሌላ ቦታ የማታዩት ዓይነት ነው፣ ሕፃኑን ሳይሆን የተሰቀለውን ክርስቶስ ይዛ ነው ያለችው። ሰዉ በጸደይ አበባ ያስቀምጥላታል፣ ደርቆ ይከርምና ለኦገስት 23 በዓሏ እንደገና ያብባል ብለው ያምናሉ። ያ ቀን በኛ ነሐሴ 17 ነው፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ስለዚህ ኦገስት ላይ ለምትሄዱ ገጠመኙ ልዩ ነው፣ ማታ ሙዚቃና ጭፈራ አለ፣ ማንም ሰው ጠረጴዛ ስቦ ይቀመጣል፣ ክብ ሰርተው ሲጨፍሩ እጃችሁን ይይዟችኋል እምቢ አትበሉ።

ደረጃ 9፦ መመለሻችሁን አታጣብቡ

ነፋስ ከበረታ ፌሪ ይከለከላል፣ የወደብ ባለሥልጣን አይነሳም ካለ አይነሳም፣ ማልቀስ አይጠቅምም። ስለዚህ ከደሴቷ የምትወጡበትና ከአቴንስ የምትበሩበት ቀን መሀል ቢያንስ አንድ ሌሊት ተዉ። መርከቡ በሰዓቱ ከደረሰ ያቺ ሌሊት ለአቴንስ ትሆናችኋለች፣ አክሮፖሊስን ጠዋት ሲከፈት ገብታችሁ ከሰዓት ኤርፖርት ትሄዳላችሁ። ከፍጥሞ ማር ለመያዝ ያሰባችሁ ደሞ ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፣ በእጅ ቦርሳ ከሆነ ፍተሻው ላይ እንደ ፈሳሽ ቆጥረው ይወስዱባችኋል።