ጠረጴዛ ላይ አውሮፕላን ማብረር፦ የአየር ውጊያ ጌም እንዴት ይጀመራል?

መጀመሪያ የተጫወትኩ ቀን ሰዓት ሙሉ የተጋጣሚዬን አውሮፕላን ጅራት ስከተል ዋልኩ። አንዲት ጥይት አልተኮስኩም። እሱ ግራ ሲታጠፍ እኔም ግራ፣ ስደርስ ግን የለም። ጥላ እንደማሳደድ ነበር።

የአየር ውጊያ ጌም ከሌላው የጦርነት ጌም የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ አውሮፕላን አይቆምም። ታንክ ጥግ ይዞ ያደፍጣል፣ እግረኛ ይመሽጋል፣ አንተ ግን ወደድክም ጠላህም በየዙሩ ወደፊት መሄድ አለብህ። ስለዚህ ጠላት አሁን የት ነው የሚለውን እርሳው። ቀጥሎ የት ይሆናል ብለህ አስብ።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ሁለት ሰው፣ ሁለት አውሮፕላን፣ ሰፋ ያለ ጠረጴዛ። ገና በመጀመሪያው ቀን አምስት አውሮፕላን እንዳታሰልፍ! ዘመኑም አንደኛው የዓለም ጦርነት ይሁን። አውሮፕላኖቹ ዝግ ያሉ ናቸው፣ ሚሳይል የለ፣ ራዳር የለ፣ ያለው መትረየስ ብቻ ነው። የጄት ጌሞቹን እወዳቸዋለሁ፤ ግን ብዙዎቹ ገና ሳትነሳ ሠንጠረዥ ውስጥ ያሰጥሙሃል።

ለጀማሪ የምመርጠው በ2004 የወጣውን ዊንግስ ኦፍ ዋርን ነው፤ በኋላ ዊንግስ ኦፍ ግሎሪ በሚል ስም ቀጥሏል። ባለ ስድስት ጎን ክፍል ያለው ሰሌዳ አይፈልግም። እያንዳንዱ አውሮፕላን የራሱ የመጫወቻ ካርታዎች (ካርዶች) አሉት፣ ካርታው ላይ ያለው ቀስት የት እንደምትደርስ ያሳያል። በየዙሩ ሦስት መርጠህ በጀርባቸው ታስቀምጣለህ፣ ከዚያ ሁለታችሁም እኩል አንድ በአንድ ትገልጣላችሁ። ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በኋላ ጠላት ፊትህ ከሆነ ርቀቱን በማስመሪያው ለካ። እስከ ግማሹ ከደረሰ ሁለት የጉዳት ካርታ ይወስዳል፣ ከዚያ ካለፈ አንድ። የወሰደውን ደግሞ አያሳይህም። ሊወድቅ አንድ ጥይት የቀረው ሰውዬ ፊቱን ቅጭም አድርጎ ሲጫወት ማየት የጨዋታው ግማሽ ደስታ ነው።

አንድ ዙር እንይ። ጠላት ከፊትህ በግራ በኩል ነው፣ መታጠፍ ጀምሯል። ጀማሪ ወዲያው ግራ፣ ግራ፣ ግራ ይደረድራል። እሱም ይህን ያውቃል፤ ቀጥ ብሎ ይወጣና አንተ ባዶ ሰማይ ላይ ስትሽከረከር ትቀራለህ። ካርታህን ከመምረጥህ በፊት እሱ ወንበር ላይ ቁጭ በል። ጠርዙ ወዴት ነው? ከጠረጴዛው ከወጣ ከጨዋታው ወጣ ማለት ስለሆነ ወደዚያ አይሄድም። ባለህበት ገልብጦ ወደ ኋላ የሚያዞረውን ኢመልማን ማድረግ ቢፈልግስ? ከፊቱም ከኋላውም ቀጥታ ካርታ የግድ ነው፣ ስለዚህ ያለምክንያት ቀጥ ካለ ጠርጥር። ከዚያ በኋላ ግራ፣ ቀጥ፣ ግራ ብትል አፍንጫህ ጎኑ ላይ የማረፍ ዕድሉ የተሻለ ነው።

የያዝከውንም እወቅ። የጀርመኑ ባለ ሦስት ክንፍ ፎከር ትራይፕሌን ፈጣን አይደለም፣ ግን ባለበት ይዞራል። የፈረንሳዩ ስፓድ 13 ፈጣንና ጠንካራ ነው፣ መታጠፍ ላይ ግን አትመካበት። ስፓድ ይዞ ከፎከር ጋር ክብ የሚሠራ ሰው ውጤቱን ራሱ ፈርሞበታል። ገብተህ ተኩስ፣ ራቅ በል፣ ተመለስ።

ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጫወትክ በኋላ የከፍታን ሕግ ጨምርበት። ጭልፊት ጫጩት የምትነጥቀው ከላይ ወርዳ አይደል? ከፍታ የተጠራቀመ ፍጥነት ነው፤ ስትወርድ ታወጣዋለህ፣ ስትወጣ ፍጥነትህን ትከፍላለህ። ጀማሪ ጠላት ጅራቱ ላይ እያለ ሽቅብ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ያልቅበታል፣ አለቀለት። ከፍታውን ወረቀት ላይ ጻፈው። እኔ ከአውሮፕላኑ አጠገብ ዳይስ አስቀምጥ ነበር፤ አንድ ቀን ክርኔ መታውና ማን ላይ፣ ማን ታች እንደነበር ስንጨቃጨቅ አመሸን።

ሁለት ለሁለት ስትደርሱ ደግሞ የጆን ታችን ዘዴ ሞክሩት። ይህ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ በ1941 ዜሮ ስለተባለው የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላን ፍጥነትና ቅልጥፍና ሲሰማ፣ ማታ ማታ ጠረጴዛ ላይ የክብሪት እንጨት እየደረደረ መላ ፈለገ። ሁለት አውሮፕላኖች ራቅ ብለው ጎን ለጎን ይበራሉ፤ አንዱ ከተነካ ሁለቱም ወደ ውስጥ ታጥፈው ይተላለፋሉ፣ አሳዳጁም የጓደኛው መትረየስ ፊት ይገኛል። በሰኔ 1942 በሚድዌይ ውጊያ ላይ ራሱ ተጠቀመበት። ጠረጴዛ ላይም ይሠራል፣ ሁለታችሁም በአንድ ዙር ከታጠፋችሁ ማለት ነው፤ የኔ ጓደኛ ሁሌም አንድ ካርታ ይዘገያል።