የስላቮችን «ፀጉር» ወደ ጥንት ሥሩ እንዴት መመለስ ይቻላል

መጀመሪያ ቃሉን ከሦስቱም የስላቭ ቅርንጫፎች ሰብስቡ። ከምሥራቅ ሩሲያኛ «ቮሎስ»፣ ከምዕራብ ቼክኛ «ቭላስ» እና ፖላንድኛ «ቭሎስ»፣ ከደቡብ የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ስላቭኛ «ቭላሱ» ይበቃሉ። ፖላንዶች ዛሬ «ቭዎስ» ቢሉትም የሚያዘው አጻጻፉ ነው፤ ያቺ «ው» ድሮ «ል» ነበረች።

የተዋሱትን አውጡ። በሩሲያኛ ግጥም ውስጥ «ቭላስ» ይገኛል፤ ከቤተ ክርስቲያን ስላቭኛ የገባ ስለሆነ ለሩሲያኛ ምስክር አይሆንም።

ከዚያ አናባቢዎቹን አስተያዩ፦ ሩሲያኛ «ኦሎ»፣ ፖላንድኛ «ሎ»፣ ቼክኛና ደቡቡ «ላ»። ለ«ራስ»ም ጎሎቫ፣ ግሎቫ፣ ህላቫ፣ ግላቫ ስለሚሉ ልዩነቱ ሕግ አለው። በሁለት ተነባቢዎች መካከል የነበረውን «ኦል» እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በራሱ መንገድ ከፍቶታል። ውጤቱ *ቮልሱ ነው። መጨረሻው እጅግ አጭር «ኡ» ሲሆን ኮከቡ ቃሉ ተጽፎ እንዳልተገኘ ያመለክታል።

አስቸጋሪዋ «ስ» ናት። በስላቭኛ ሁለት ምንጭ አላት፦ የኢንዶ-አውሮፓዊው (የስላቭኛና የብዙ ዘመዶቹ ጥንታዊ እናት ቋንቋ) «ስ» ራሱ፣ ወይም ወደ ላንቃ የተጠጋ ለስላሳ «ክ»። ከ«ር»፣ ከ«ኡ»፣ ከ«ክ» ወይም ከ«ኢ» ቀጥላ ብትመጣ ዋናዋ «ስ» ወደ «ኽ» ስለምትለወጥ መለየት ይቻል ነበር። ከ«ል» በኋላ ግን ሁለቱም «ስ» ሆነው ይቀራሉ። ስላቭኛን ብቻ ይዞ እዚህ መወሰን ግምት ነው።

ስለዚህ ወደ ውጭ ውጡ። ከዘመድ ቋንቋዎች የጥንቱ ኢራን አቬስታን «ቫረሳ» (ፀጉር)፣ የጥንቱ ህንድ ሳንስክሪት «ቫልሻ» (ቡቃያ፣ ቅርንጫፍ) ይላሉ። በአቬስታን ከ«ር» ቀጥላ የምትመጣ ዋና «ስ» ወደ «ሽ» ትለወጥ ነበር፤ እዚህ ስላልተለወጠች ምንጯ «ክ» ናት። በሳንስክሪትም «ሽ»ዋ የላንቃዋ ናት። የእኛ ፊደል የሳንስክሪትን ሁለት «ሽ»ዎች ስለማይለይ ይህን ከዋናው ጽሑፍ ካላያችሁ ትሳሳታላችሁ። እነሆ የኢንዶ-አውሮፓዊው ቅርጽ *ዎልኮስ። የትርጉሙ ርቀት አያስጨንቅም፤ ቡቃያም ፀጉርም ይበቅላል።

መጨረሻ ላይ ተመሳሳዮችን ለዩ። የ«ሱፍ» ቃል *ቭልና ከሊቱዌንያኛ «ቪልና» እና ከላቲን «ላና» ጋር ይሄዳል። ከፀጉሩ ጋር በአንድ ሥር የሚያስሩት አሉ፤ ለዚያ ግን «ክ»ዋን ቅጥያ ናት ማለት ግድ ነው። የጥንቱ ሩስ (የምሥራቅ ስላቮች ምድር) የከብት አምላክ ቮሎስ ደግሞ ቬሌስም ይባላል፤ ይህ ቅርጽ ከ*ቮልሱ በሕጉ ስለማይወጣ የስሙን መመሳሰል ማስረጃ አታድርጉት።