ከውቅያኖስ ወለል የተገኘ የማንትል ዐለት ሲመረመር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በአትላንቲክ አጋማሽ ሸንተረር፣ በደቡብ ምዕራብ ህንድ ውቅያኖስ ሸንተረር እና በአርክቲኩ ጋኬል ሸንተረር ፕሌቶች የሚራራቁት በዝግታ ነው። ከታች የሚወጣው ቅልጥ ዐለት አነስተኛ ስለሆነ ቅርፊቱ በየቦታው ይሳሳል፤ ትላልቅ ስብራቶችም ከቅርፊቱ ሥር ያለውን የምድር ንብርብር፣ ማንትሉን፣ እስከ ባሕሩ ወለል ያወጡታል። እዚያ የሚገኘው ፔሪዶታይት የተባለው የማንትል ዐለት ሦስት ነገር ደርሶበታል። መጀመሪያ ከፊሉ ቀልጦ ወጥቷል፣ ቀጥሎ ከሥር የመጣ ሌላ ቅልጥ አልፎበታል፣ በመጨረሻም የባሕር ውሃ ገብቶበታል። አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው የአንዱን አሻራ የሌላው አድርጎ ከማንበብ ነው።

ብዙ መዘዝ የሚያመጣው ስህተት የተፈጨውን ዐለት ጠቅላላ ኬሚስትሪ እንዳለ የማንትሉ ኬሚስትሪ አድርጎ መቀበል ነው። ይህ ዐለት አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላዩ ውሃ ሲገባበት ወደሚፈጠረው ማዕድን፣ ወደ ሰርፐንቲን፣ ተለውጦ ነው የሚገኘው፤ የሰርፐንቲን ክብደት ደግሞ 13 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ብዙዎች ውሃውን በስሌት አውጥተው የቀረውን ወደ 100 በመቶ ሲመልሱት ዐለቱን ወደ ጥንቱ የመለሱት ይመስላቸዋል። ስሌቱ የሚሠራው ግን ከውሃ በቀር የተጨመረም የተቀነሰም ነገር ከሌለ ብቻ ነው። ዐለቱ ወለሉ ላይ ተጋልጦ ሲቆይ ማግኒዚየሙ ይታጠባል፣ ዩራኒየም ከባሕር ውሃ ይገባበታል። ስንጥቆቹን አራጎናይት ወይም ካልሳይት የተባሉት የካልሲየም ካርቦኔት ማዕድናት ከሞሏቸው ካልሲየሙና ስትሮንቲየሙ ይጨምራሉ፤ በዚያ ካልሲየም ተመርቶ ካልሲየም ያዘለውን ማዕድን የክሊኖፓይሮክሲንን መጠን የሚያሰላ ሰው ዐለቱ ውስጥ ያልነበረ ማዕድን ይቆጥራል። ስለዚህ ከመፍጨት በፊት በካርቦኔት የተሞሉትን ስንጥቆች ቆርጦ ማውጣት፣ ከዚያም እንደ አሉሚኒየም ባሉ ብዙ በማይንቀሳቀሱ ንጥረ ነገሮች ላይ መደገፍ ይሻላል።

በማይክሮስኮፕ ማዕድን ሲቆጠርም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ያልተለወጡትን ቅንጣቶች ብቻ መቁጠር አያዋጣም፤ ሙቀቱ ዝቅ ባለበት ከዐለቱ ዋና ማዕድናት ኦሊቪን ከፓይሮክሲን ቀድሞ ስለሚለወጥ ዐለቱ ከነበረው በላይ ፓይሮክሲን የበዛበት ይመስላል። መረብ የመሰለው ሰርፐንቲን በኦሊቪን፣ የፓይሮክሲንን ቅርጽ እንደያዘ የቀረው ባስታይት በኦርቶፓይሮክሲን ሊቆጠር ይገባል። ከፔሪዶታይት ዓይነቶች ሃርዝበርጋይትን ከሌርዞላይት የሚለየው የክሊኖፓይሮክሲን ድርሻ 5 በመቶ ብቻ በመሆኑ በዚህ ቆጠራ ትንሽ መሳሳት የዐለቱን ስም ይቀይራል።

ስፒኔል የተባለው ክሮሚየምና አሉሚኒየም ያዘለ ማዕድን ለውጥን ስለሚቋቋም ሁሉም ይወደዋል፣ በትክክልም። ዐለቱ ሲቀልጥ አሉሚኒየም ከቅልጡ ጋር ይሄዳል፣ ክሮሚየም ይቀራል። በ2001 የታተመው ቀመር ይህንኑ ይጠቀማል፤ የቅልጠቱ መጠን በመቶኛ የስፒኔሉ የክሮሚየም ቁጥር (የክሮሚየም አቶሞች ከክሮሚየምና ከአሉሚኒየም አቶሞች ድምር ያላቸው ድርሻ) ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም በ10 ተባዝቶ 24 ሲደመርበት ነው። ቁጥሩ 0.2 ከሆነ 8 በመቶ ገደማ፣ 0.4 ከሆነ 15 በመቶ ገደማ ይሰጣል። ስህተቱ ማንኛውንም ስፒኔል በዚህ ቀመር ማስላት ነው። ቀመሩ የተበጀው ከ0.1 እስከ 0.6 ላለው ቁጥርና ለቅልጠት ቀሪ ዐለት ነው። የስፒኔሉ ጠርዝ በውሃ ሲለወጥ አሉሚኒየሙን ስለሚያጣ መለካት ያለበት መሐሉ ነው። ቲታኒየሙንም አብሮ ማየት ግድ ይላል። ቲታኒየም ገና በቅልጠቱ መጀመሪያ ስለሚወጣ፣ ክሮሚየሙም ቲታኒየሙም ከፍ ያለበት ስፒኔል ብዙ የቀለጠ ዐለት ምስክር ሊሆን አይችልም። ቅልጥ አልፎበታል ማለት ነው፤ በአጠገቡ ከቅልጥ የሚረጋው ማዕድን ፕላጂዮክሌዝ ከተገኘ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

በዚሁ ምክንያት ከሞላ ጎደል ኦሊቪን ብቻ የሆነውን ዐለት ዱናይትን እጅግ በጣም የቀለጠ ማንትል ብሎ መፈረጅ አይገባም። በሸንተረሮች ሥር ያለው ዱናይት በአመዛኙ የቅልጥ መተላለፊያ ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣው ቅልጥ ፓይሮክሲኑን እያሟሟ በምትኩ ኦሊቪን አስቀምጧል። በ2023 በአትላንቲክ አጋማሽ ሸንተረር ካለው የባሕር ውስጥ ተራራ፣ ከአትላንቲስ ማሲፍ፣ ተቆፍሮ 1,268 ሜትር ጥልቀት የደረሰው ጉድጓድ በዋናነት ፔሪዶታይት ቢሆንም ዱናይትም፣ ከሥር ከቀዘቀዘ ቅልጥ የሆነው ዐለት ጋብሮም ይዟል። ከወለሉ ተጎትቶ የወጣ አንድ ናሙናን የመላው ሸንተረር ወኪል ማድረግ የማያስተማምነው ለዚህ ነው።

እንደ ላንታነም ያሉ ቀላል ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች በዝተው ሲገኙ ወዲያው በባሕር ውሃ ማሳበብም ልማድ ሆኗል። የባሕር ውሃ የሚይዘው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በውሃ ብዙም የማይንቀሳቀሱት ዚርኮኒየምና ኒዮቢየም አብረው ከጨመሩ ምንጩ ቅልጥ መሆኑ ይበልጥ ያሳምናል፤ እነርሱ ሳይነኩ ቀላሎቹ ብቻ ከጨመሩ ፈሳሽን መጠርጠር ተገቢ ነው።

የመጨረሻው ስህተት የዘመን ነው። ዐለቱ ዛሬ በሸንተረሩ ላይ ስለተገኘ ቅልጠቱም እዚያው ሥር በቅርቡ የተከናወነ አድርጎ ማሰብ ቀላል ነው። ሬኒየም በጊዜ ብዛት ወደ ኦስሚየም የሚለወጥ ንጥረ ነገር ነው፤ ከቅልጡ ጋር ስለሚወጣ የቀሪው ዐለት የኦስሚየም አይሶቶፕ ከዚያ ወዲያ ብዙም አይለወጥም። በጋኬል ሸንተረር የተለኩ ናሙናዎች እስከ 2 ቢሊዮን ዓመት የሚደርስ የጥንት ቅልጠት አሳይተዋል። ይህም ዝቅተኛ ግምት ነው፤ ስሌቱ ሬኒየም ሙሉ በሙሉ እንደወጣ ስለሚቆጥር፣ ጥቂት ቀርቶ ከነበረ እውነተኛው ዕድሜ ከዚያም ይበልጣል።