ፕሬዝዳንቱ «ኢምፒች ተደረገ» ሲባል ቶሎ አትጨብጭቡ

የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ኢምፒች ተደረገ የሚል ዜና ሲወጣ «በቃ፣ ወረደ!» የሚል ሰው አይጠፋም። አልወረደም። ተከሰሰ እንጂ ገና አልተፈረደበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ጉዳዩ የት እንደደረሰ እዩ።

የሚጀመረው ከተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱ የሚጠቅሳቸው ምክንያቶች የአገር ክህደት፣ ጉቦ እና «ሌሎች ከባድ ወንጀሎችና ጥፋቶች» ናቸው። ጭቅጭቁን ሁሉ የምታመጣው ይቺ የመጨረሻዋ ሐረግ ናት፤ ትርጉሟ እዚያው አልተብራራም፣ ስለዚህ ጥፋቱ «ከባድ» ነው አይደለም የሚለውን በተግባር የሚወስኑት ድምፅ የሚሰጡት ፖለቲከኞች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ኮሚቴ ያጣራል፣ የክስ አንቀጾች ይረቀቃሉ፣ ምክር ቤቱ በየአንቀጹ ድምፅ ይሰጣል። አንዱ አንቀጽ ብቻ እንኳ ከግማሽ በላይ ድምፅ ካገኘ ሰውየው ኢምፒች ተደርጓል። በማግስቱ ግን ቢሮው ይገባል፣ ሕግ ይፈርማል፣ ጦሩንም ያዛል።

ፍርዱ ያለው በሁለተኛው ምክር ቤት፣ በሴኔት ነው። ችሎቱን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ይመራል። ሴኔቱን በወትሮው የሚመራው ምክትል ፕሬዝዳንቱ ነዋ፣ ወንበሩን የሚወርሰውም እሱ ራሱ! ከተወካዮች ምክር ቤት የመጡት ከሳሾች ይከራከራሉ፣ ሴናተሮቹ ይሰማሉ። ጥፋተኛ ለማለት ከተገኙት ሁለት ሦስተኛው ያስፈልጋል። መቶውም ካሉ 67።

ይቺን 67 ያዟት። በ1868 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በአንድሪው ጆንሰን ላይ 35 ለ19 ድምፅ ተሰጠ፤ ያኔ ከ54ቱ 36 ያስፈልግ ስለነበር በአንድ ድምፅ ተረፈ። ክሊንተንም ነጻ ወጣ። ትራምፕ ሁለቴ ተከሶ ሁለቴም ተረፈ፤ በ2021 57 ሴናተሮች ጥፋተኛ ብለውታል፣ ከነዚህ 7ቱ የራሱ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ፣ አሁንም አልበቃም። ኒክሰን በዚህ መንገድ የወረደ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ እሱ በ1974 ምክር ቤቱ ድምፅ ሳይሰጥ ቀድሞ ለቀቀ። እስካሁን በሴኔት ፍርድ የተነሳ ፕሬዝዳንት የለም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የተቃዋሚዎቹን ንግግር መስማት ብዙም አይጠቅምም፤ እነሱ የሚሉት ይታወቃል። የፕሬዝዳንቱን ፓርቲ ሴናተሮች ቁጠሩ። ስንቶቹ ዝም አሉ? ስንቶቹ መሸሽ ጀመሩ?

67ቱ ከሞሉ ደግሞ ወዲያው ከሥልጣን ይነሳል፣ ምክትሉም ይተካዋል። ሴኔቱ ከዚያ በኋላ በሌላ ድምፅ፣ በተራ አብላጫ፣ ዳግም ሥልጣን እንዳይዝ ሊያግደው ይችላል። እስር ግን እዚህ የለም፤ ወንጀል ካለ በመደበኛ ፍርድ ቤት ለብቻው ይታያል።