ዲጂታል ራጅ ስናነሳ የታካሚውን ጨረር የሚያበዙ ስህተቶች

በፊልም ዘመን ጨረር ያበዛ ባለሙያ ወዲያው ይታወቅበት ነበር፤ ፊልሙ ጠቁሮ ይወጣል። ዲጂታል ላይ ይህ ቀርቷል። ኮምፒውተሩ ብርሃኑን ራሱ ስለሚያስተካክል፣ ከሚያስፈልገው በእጥፍ ጨረር የተነሳ ደረት እንኳ አምሮ፣ እንዲያውም ይበልጥ ጠርቶ ይታያል። ጨረሩ ሲያንስ ግን ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፤ ሐኪሙም ቅር ይለዋል። ስላነሰ ጨረር የሚናገር አለ፣ ስለበዛው የሚናገር የለም። ስለዚህ ባለሙያው ለጥንቃቄ ብሎ ኤምኤኤሱን (የሚወጣውን የጨረር ብዛት የሚወስነውን የማሽኑን ቅንብር) በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ከፍ ያደርጋል፤ ውሎ አድሮ የክፍሉ ልማድ ይሆናል። ምስሉ ስላማረ መጠኑ ልክ ነው ብሎ ማመን ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሳያዩ ማለፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የአይኢሲ (የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን) ደረጃ መሠረት ይህ ቁጥር፣ ማለትም ዴቪዬሽን ኢንዴክስ፣ ዜሮ ከሆነ ዲቴክተሩ (ጨረሩን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ሰሌዳ) የታለመለትን ያህል ጨረር አግኝቷል። +1 ማለት በ26 በመቶ በልጧል፣ +3 ማለት እጥፍ ሆኗል፣ −3 ማለት ግማሽ ብቻ ደርሷል። አንድ ቀን +3 ቢወጣ አያስደነግጥም። ሳምንቱን ሙሉ የደረት ራጆች +3 አካባቢ ከዋሉ ግን ፕሮቶኮሉ (ለምርመራው አስቀድሞ የተቀመጠው ቅንብር) ይታይ። ቁጥሩን የታካሚው መጠን አድርጎ መቁጠርም ስህተት ነው፤ የሚነግረን ዲቴክተሩ ላይ የደረሰውን ነው። ወደ ታካሚው መጠን ይበልጥ የሚጠጋው መለኪያ ማሽኑ የሚመዘግበው ዲኤፒ (የጨረሩ መጠን ባረፈበት ስፋት ተባዝቶ) ነው።

ሰፊ አድርጎ አንስቶ በኋላ በኮምፒውተር መቁረጥ በጣም ተለምዷል። የተቆረጠው ጠርዝ ከምስሉ ቢጠፋም ጨረሩ ሰውየው ላይ አርፏል፣ እዚያ የነበረ በሽታም ምስሉን ከሚያነበው ሐኪም ይደበቃል። ኮሊሜተሩን (ጨረሩ የሚያርፍበትን ስፋት የሚወስነውን መዝጊያ) አስቀድሞ ማጥበብ የተበተነ ጨረርንም ስለሚቀንስ ምስሉን ያጠራዋል።

የተበላሸን ምስል አጥፍቶ ዝም ብሎ መድገምም አለ። ድሮ የተጣለ ፊልም ይቆጠር ነበር። አሁንም ምክንያቱ ይመዝገብ፤ ካልተመዘገበ ስህተቱ ከአቀማመጥ ይሁን ከማሽን አይታወቅም።

ሕፃንን በአዋቂ መጠን ማንሳት ግን በምንም አይታለፍም። ውፍረቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ አካል ግሪዱ (ዲቴክተሩ ፊት የሚቀመጠው የተበተነ ጨረር ማጣሪያ) ይውጣ፤ ጨረሩን ከማብዛት በቀር የሚጨምረው ጥቅም ጥቂት ነው።

የመጨረሻው ሲቲ ስካን ላይ ነው። ታካሚው ከሌላ ሆስፒታል ሲዲውን በፌስታል ይዞ ይመጣል፣ ሲዲው አልከፈት ሲል ምርመራው እንደ አዲስ ይታዘዛል። የሆድ ሲቲ 8 ሚሊሲቨርት (ሰውነት ያገኘው ጨረር መለኪያ) ገደማ ነው፤ ሰው በዓለም አማካይ በዓመት ከተፈጥሮ የሚያገኘው ከ2 እስከ 3 ያህል ነው። አስቸኳይ ካልሆነ የላከው ክፍል ዘንድ ስልክ ይደወል፣ ምስሉ ዳግም ይጠየቅ። መድገም ግድ ከሆነ ደግሞ ያለ ኮንትራስትም (ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት) በኮንትራስትም ማንሳቱ ለተጠየቀው ጥያቄ ያስፈልግ እንደሆነ ራዲዮሎጂስቱ ይጠየቅ፤ ሁለት ዙር ማለት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ጨረር ነው።