መኪናው ኤሌክትሪክ፣ ልማዱ የቤንዚን

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ የኤሌክትሪክ መኪና የማይቆምበት መብራት የለም። አነዳዱ ግን ብዙም አልተለወጠም። በብዛት የማያቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛው፣ ባትሪው እስኪያልቅ መንዳት ነው። የማደያ ሰልፍ የለመደ ሰው አሟጦ ይጨርስና ፈጣን ቻርጀር ፍለጋ ይሄዳል። እዚያም ይሰለፋል! ከፒያሳ ቦሌ ሲመላለስ የሚውል ሰው በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ነው። ይህ ወደ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ተራ የቤት ሶኬት በሦስት ሰዓት ይመልሰዋል። ማታ እንደ ስልክ ሰክቶ መተኛት ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ በ10 ፐርሰንት ማደር፣ ጠዋት ታክሲ መጋፋት ማለት ነው።

በዲቫይደር መሰካትማ ጭራሽ አይሞከርም። ያቺ ቀጭን ሽቦ የተሠራችው ለቴሌቪዥን እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ለሚስብ መኪና አይደለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሶኬቱ አካባቢ ከጋለ፣ ወይም ፕላስቲኩ ቡናማ መሆን ከጀመረ፣ ብሬከሩን አጥፍተው ይንቀሉ። ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ከቆጣሪው የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ኧርዝ ያሠሩ።

ተከራይ ከሆኑ ሌላም ጣጣ አለ። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። በጋራ ቆጣሪ ላይ መኪና ሲሰኩ ሂሳቡን ለግቢው ሁሉ ነው የሚያስወድዱት። ወሩ ሲያልቅ ለሰው ቁጥር ማካፈል ጠብ ያመጣል። «እትዬ፣ የመኪናውን ለብቻ እከፍላለሁ፤ ጭማሪውም የኔ ነው» ብሎ አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ዝምታው ነው። የአዲስ አበባ እግረኛ ግማሹን የሚሻገረው በጆሮው ነው። መርካቶ ዳር ሸክም ያዘለ ሰው ዞሮ አያይም፤ የሞተር ድምፅ ካልሰማ መንገዱ ባዶ ነው ብሎ ይገባል። አንዳንዱ ሹፌር ታዲያ ጀርባው ድረስ ተጠግቶ ክላክሱን ያንባርቅበታል። ሰውየው ደንግጦ ወዴት እንደሚዘል አይታወቅም። ከሩቅ አጭር ጡሩምባ ማሰማት፣ ከግቢ ወደ ኋላ ሲወጡ ደግሞ መስኮት ከፍቶ ቀስ ማለት ይበቃል።

«ዘይት የለውም፣ ሰርቪስ አያስፈልገውም» የሚሉም አሉ። ጎማው በመኪናው ክብደት ቶሎ ይበላል። የፍሬን ዘይት አለው፣ አብዛኛው የማቀዝቀዣ ፈሳሽም አለው፤ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ከሞተች ደግሞ ትልቁ ሞልቶም መኪናው አይነሳም።

ሽሮ ሜዳና ከዚያ በላይ የምትኖሩ ደግሞ ባትሪውን ሁልጊዜ 100 ፐርሰንት አትሙሉ። የኤሌክትሪክ መኪና የፍጥነት ፔዳሉን ሲለቁት ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ኃይል ያመነጫል፣ ወደ ባትሪውም ይመልሳል። ሞልቶ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወርድ፣ ቁልቁለቱ የሚያመነጨው ኃይል የሚገባበት ቦታ ስለማያገኝ መኪናው የፍጥነት ፔዳሉን ሲለቁት እንደ ወትሮው አይዝም። በ80 ወይም በ90 ብትጀምሩ፣ ቁልቁለቱ ራሱ ትንሽ ይሞላላችኋል። አልፎ አልፎ እስከ 100 መሞላት ያለበት የባትሪ ዓይነት ስላለ ግን መመሪያውን እዩ፤ ያንን ቀን ፍሬኑን ቀደም ብሎ መያዝ ነው።